ሰኔ 2 በዳካር፦ የኡስማን ሴምቤን ሙት ዓመት የጉዞ ማስታወሻ

ግንቦት 29

ከአዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላን ባማኮ ላይ ጥቂት ቆሞ ዳካር እስኪያደርሰን ድረስ ሦስታችንንም ሲያሳስበን የቆየው በጋሼ ጉልበት ላይ የተቀመጠው ፕሮጀክተር ነበር። ጋሼ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ማሽን ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያዞሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የፊልም ጥቅል በእጃቸው ከፍ አድርገው በክብደቱ ብቻ ስንት ደቂቃ እንደሚቀረው ይናገሩ እንደነበር የሥራ ጓደኞቻቸው ይመሰክሩላቸዋል። አሁን የያዙት ግን ከአንድ ዳቦ የማይበልጥ የቻይና ዕቃ ነውና ያፍሩበታል፤ እያፈሩበትም ለማንም አያስነኩትም። ሁለተኛዋ ተጓዥ አጫጭር ፊልሞች የምትሠራ ወጣት ስትሆን፣ እኔ የፊልም የግርጌ ጽሑፍ ወደ አማርኛ በመተርጎም የምተዳደር ነኝ።

የጉዞው ሐሳብ የጋሼ ነው። የአፍሪካ ሲኒማ አባት እየተባለ የሚጠራው ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ያረፈው ሰኔ 2 ቀን 1999 ዓ.ም. ነበር፤ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጁን 9 ቀን 2007 መሆኑ ነው። ያን ጊዜ እኛ የራሳችንን ሚሊኒየም ለመቀበል ሽር ጉድ የምንልበት ወቅት ስለነበር፣ ዜናው አዲስ አበባ የደረሰው በጥቂት ሰዎች ጆሮ ብቻ ነው። ጋሼ በዚያው ሳምንት ሰውየውን የሚያውቁ አምስት ስድስት ጓደኞቻቸውን ሳሎናቸው ሰብስበው፣ በተባዛ ዲስክ ላይ የተገኘ አንድ ፊልሙን አሳይተው፣ ቡና አፍልተው «ተዝካሩን አወጣን» ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሰኔ 2 ሲመጣ በዚያው ሳሎን እንሰበሰባለን። ዘንድሮ ግን «ሟቹ ያለበት ሀገር ሳልሄድማ ተዝካር አይባልም» አሉና ተነሣን። (የጉዞውን ቀናት በእኛ አቆጣጠር፣ የፊልሞቹንና የታሪኩን ዓመታት ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።)

ከብሌዝ ዲያኝ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዳካር ያለው መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዝናቡ ገና አልገባም፤ አየሩ ከባድና እርጥብ ነው፤ መሬቱ ቀይ አሸዋ፣ ዛፉ ባኦባብ ነው። ደክሞን ስለነበር ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ግንቦት 30

ዛሬ በእግር የዋልንበት ቀን ነው። አስጎብኚያችን በዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተማሪ የሆነ ወጣት ሲሆን፣ ከእኛ ጋር በእንግሊዝኛ፣ ከመንገደኛው ጋር በወሎፍ፣ ከፖሊስ ጋር ደግሞ በፈረንሳይኛ ሲነጋገር ዋለ። ይህን ክፍፍል ጠዋት እንደ ቀላል ነገር አይቼው ነበር፤ እስከ ማታ ድረስ ግን ሴምቤን ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከምን ጋር እንደነበር ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ያስረዳኝ እርሱው ሆነ።

ሴምቤን በ1923 በደቡብ ሴኔጋል በካዛማንስ፣ ዚጊንሾር ከተማ የተወለደ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር በመማታቱ ከትምህርት ተባሮ ዳካር መጣ፤ ግንበኛና መካኒክ ሆኖ ሠራ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ተሰልፎ አገለገለ፤ ከዚያም ማርሴይ ወደብ ወርዶ ጭነት አራጋፊና የሠራተኛ ማኅበር ታጋይ ሆነ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ1956 ያሳተመው እዚያው የወደብ ሠራተኛ ሳለ ነው። ደራሲ ሆኖ ወደ ሀገሩ ሲመለስ የገጠመው ጉዳይ ግን ግልጽ ነበር፤ ስለ ሕዝቡ በፈረንሳይኛ የጻፈውን መጽሐፍ ሕዝቡ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ። ሲኒማን «የማታ ትምህርት ቤት» ይለው ነበር፤ ቀን ሲሠራ ውሎ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ማታ ተቀምጦ የሚማርበት ማለቱ ነው።

ፕላቶ የሚባለው የዳካር ክፍል ቅኝ ገዢዎቹ ለራሳቸው የሠሩት፣ ሜዲና የሚባለው ደግሞ ጥቁሩን ሕዝብ ወስደው ያሰፈሩበት ነው። ሴምቤን በ1963 የመጀመሪያ ፊልሙን ሲሠራ ካሜራውን ያቆመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ፊልሙ 20 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው፤ ስሙም «ቦሮም ሳሬት» ይባላል። ይህን ስም በመጽሐፍ ውስጥ ደጋግሜ አንብቤው ነበር፤ ትርጉሙን ሲነግሩኝም ተርጉሜዋለሁ፤ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አልሰማሁትም ነበር ማለት እችላለሁ። አንድ የሱቅ በር ላይ ቆመን አስጎብኚያችን ባለሱቁን ሲጠራ «ቦሮም» የሚል ድምፅ ጆሮዬ ገባ። ጠየቅሁት። «ቦሮም ኬር» የቤቱ ባለቤት፣ «ቦሮም ሳሬት» የጋሪው ባለቤት ነው አለኝ፤ «ሳሬት» የፈረንሳዮቹ የጋሪ ስም በወሎፍ አፍ ተለዝቦ የቀረ ነው። ቦሮም ማለት እንግዲህ የእኛ «ባለ» ነው፤ ባለቤት፣ ባለሱቅ፣ ባለጋሪ። በዓለም ዙሪያ በየበዓሉ የሚታየው፣ በየዩኒቨርሲቲው የሚጠናው ፊልም ስሙ «ባለጋሪ» ነው ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ቆመው ሳቁ። «እንዲህ ብለው ቢለጥፉት ኖሮ አዳራሹ ይሞላልኝ ነበር» አሉ።

ታሪኩ የአንድ ባለጋሪ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ነፍሰ ጡር ወደ ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ የሕፃን ልጁን ሬሳ የታቀፈ አባት ወደ መቃብር ይዞ ይሄዳል፤ አባትየው ወረቀቱ አልተሟላም ተብሎ ከበሩ ይመለሳል። ባለጋሪው ያገኛትን ሣንቲም የአባቶቹን ጀግንነት ለሚያወድስለት አዝማሪ ሰጥቶ ይጨርሳል። በመጨረሻ አንድ ጥሩ የለበሰ ሰው ጋሪ ወደማይገባበት ወደ ፕላቶ እንዲወስደው ያግባባዋል፤ ፖሊስ ያስቆመዋል፤ የወደቀ ሜዳሊያውን በጫማው ይረግጥበታል፤ ጋሪውን ይወስድበታል። ሰውየው ፈረሱን ብቻ እየጎተተ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል። በሀገራችን ከተሞች ጋሪ ከዋናው አስፋልት ሲባረር ያየ ሰው ለዚህ ፊልም የግርጌ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ዛሬም በዳካር ዳርቻ የፈረስ ጋሪ አለ፤ ፕላቶ ውስጥ ግን አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት አለፍን። በ1968 የተሠራው «ማንዳቢ» በወሎፍ ቋንቋ የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። ስሙን ስተረጉም አልተቸገርሁም፤ «ሐዋላ» ነው። ፓሪስ መንገድ የሚጠርግ የእኅት ልጅ 25,000 ፍራንክ ለአጎቱ ይልካል። አጎትየው ገንዘቡን ለማውጣት መታወቂያ ይጠየቃል፤ መታወቂያ ለማውጣት የልደት ማስረጃ፣ ፎቶግራፍና ቴምብር ያስፈልገዋል፤ የልደት ማስረጃ ለማግኘት ደግሞ የተወለደበትን ቀን ማወቅ አለበት። ሐዋላ መምጣቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ገና ባልተገኘው ገንዘብ ብድር ሊጠይቀው በር ያንኳኳል። ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ የተላከ ብር ለመቀበል በመስኮት ፊት ተሰልፎ «ነገ ተመለሱ» የተባለ፣ ቤቱ ሲደርስም ዘመድ ተሰብስቦ የጠበቀው ሰው በዚህ ፊልም ይስቃል፤ ሳቁ ግን እስከ መጨረሻው አይዘልቅም።

ከዚያ በነጻነት አደባባይ የንግድ ምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት ቆምን። የ1975ቱ «ኻላ» የሚከፈተው ከነጻነት ማግሥት አዲሶቹ ጌቶች የንግድ ምክር ቤቱን ከፈረንሳዮች ተረክበው ሲገቡና፣ ወዲያው ፈረንሳዮቹ በብር የተሞላ ቦርሳ ይዘው በሌላ በር ሲመለሱ በማሳየት ነው። ሀገሬው ሳንሱር ፊልሙን ቆራርጦታል። አስጎብኚያችን በጣም የሚወደው የዋናው ነጋዴና የልጁን ንግግር ነው፤ አባት በፈረንሳይኛ ይናገራል፣ ልጅቱ በወሎፍ ትመልስለታለች፤ አባት ይቆጣል፣ እሷ አሁንም በወሎፍ።

ማታ ወደ ማረፊያችን ስንመለስ ወጣቷ ባልደረባችን ብዙም አልተናገረችም። ቀኑን ሙሉ ስትፈልግ የነበረው አንድ የመንገድ ጥግ ነው። በ1966ቱ ፊልም ውስጥ ሥራ የሚፈልጉ ሴቶች ጠርዝ ላይ ተደርድረው ተቀምጠው አንዲት ፈረንሳዊት እየተዘዋወረች ትመርጣለች፤ ሌሎቹ ሲሻሙ ዝም ብላ የተቀመጠችውን ዲዋናን ትወስዳታለች። የፊልሙ የፈረንሳይኛ ስም በአማርኛ «የእነ እገሌ ጥቁር» እንደ ማለት ነው፤ የማን እንደሆነች በነጠብጣብ ተትቷል። ዲዋና አንቲብ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወስዳ ልጅ ጠባቂ ትሆናለች ተብላ ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢ፣ ቤት ጠራጊ ትሆናለች፤ ከቤት አትወጣም፤ ባሕሩን የምታየው በመስኮት ነው፤ በመጨረሻ በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ራሷን ታጠፋለች። የወጣቷ ታላቅ እኅት ቤይሩት ስድስት ዓመት ኖራለች። «እኅቴ ይህን ፊልም እንድታይ አንድ ጊዜ ከፍቼላት ነበር» አለች እራት ላይ። «ገና መጀመሪያው ላይ፣ ሴትየዋ ወደብ ላይ ልትቀበላት ሳትመጣ ባልየው ብቻ ሲመጣ፣ ይኼ ቤት አይሆናትም አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወጣች።»

ሰኔ 1

ዛሬ በአዲሱ የከተማ ባቡር ከዳካር ጣቢያ ተነሥተን ቲያሮይ ወረድን። ባቡሩ ንጹሕና ፈጣን ነው፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ቲያሮይ የሄድነው ለመቃብሩ ነው። በኅዳር 1944 ለፈረንሳይ ሲዋጉ በጀርመኖች ተማርከው የነበሩ አፍሪካውያን ወታደሮች ወደ ዳካር ተመለሱና በዚህ ጦር ሰፈር ተቀመጡ። የምርኮ ዘመናቸውን ደመወዝ ጠየቁ። ዲሴምበር 1 ቀን ጎሕ ሲቀድ የራሳቸው ጦር ተኮሰባቸው። ባለሥልጣናቱ ያን ጊዜ 35 ሰው ሞተ አሉ፤ ከሰባ ዓመት በኋላ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ቁጥሩን ከፍ አድርገው ከ70 በላይ ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ ሟቾቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ የሚሉ የታሪክ ተመራማሪዎች አሉ። ፈረንሳይ ነገሩን በስሙ «ጭፍጨፋ» ብላ የጠራችው 80ኛ ዓመቱ ሲከበር፣ በ2024 ነው። የየካቲት 12ን ቁጥር ክርክር እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ ገዳይ ሁልጊዜ በአጭሩ ይቆጥራል።

መቃብሮቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ ስም የላቸውም። ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው በመስመሮቹ መካከል ቀስ ብለው ተራመዱ። ሴምቤን ራሱ የዚያ ጦር ወታደር ነበር። «የቲያሮይ ካምፕ» የሚለውን ፊልም ከቲየርኖ ፋቲ ሶው ጋር ሆኖ በ1988 ሠራው፤ ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወሰደ፤ በፈረንሳይ ግን ለዓመታት የሚያሳየው አልተገኘም። ፊልሙ ውስጥ ወታደሮቹ ወደ ሀገራቸው መጥተውም በሽቦ አጥር ውስጥ ሲቀመጡ፣ በጀርመን ካምፕ አእምሮው የተነካው አንዱ ሽቦውን በእጁ ይዳስሳል። ይህ ሰው መናገር አይችልም። በፊልሙ ውስጥ ከተለያየ ሀገር የመጡት ወታደሮች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት ሁሉም የሚያሾፍበት የተሰባበረ የወታደር ፈረንሳይኛ ነው፤ ሴምቤን ግን አላስተካከለውም፤ እንዳለ ተወው። እኔ በሙያዬ ምክንያት ይህን ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም። የተሰባበረ ቋንቋ በግርጌ ጽሑፍ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲጻፍ የሰውየው ድካም ይጠፋል፤ እኔ ራሴ በገንዘብ ተገፍቼ ስንት ጊዜ እንዲህ አቃንቼ ጽፌአለሁ።

ከሰዓት በኋላ የአስጎብኚያችን አጎት ቤት ሻይ ተጋበዝን። የሴኔጋል ሻይ «አታያ» ይባላል፤ በትንሽ የከሰል ምድጃ ላይ ይፈላል፤ ከአንድ ብርጭቆ ወደ ሌላው ከፍ ተደርጎ እየተገለበጠ አረፋ እስኪሠራ ድረስ ይቀዳል፤ ሦስት ጊዜም ይጠጣል። የመጀመሪያው መራራ፣ የመጨረሻው ጣፋጭ ነው። ወጣቷ «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» ብላ ስትቆጥር፣ አጎትየው ድምፁን ወደዱትና ደገሙት፤ ሦስተኛውን ሲቀዱልንም «በረካ» አሉ። «በርኬ» በወሎፍም በረከት ነው ለካ።

የአታያው ወግ ያመራው ወደ «ቼዶ» ነው። በ1977 የተሠራው ይህ ፊልም ቼዶ የተባሉት፣ አሮጌውን እምነታቸውን አንለቅም ያሉ ሰዎች በአንድ በኩል ከኢማሙ፣ በሌላ በኩል ከባሪያ ነጋዴውና ከክርስቲያን ቄሱ ጋር የሚያደርጉትን ግብግብ የሚያሳይ ነው፤ በመጨረሻ ንጉሡ ሲሞት መንደሩን ሁሉ በግዳጅ የሚያሰልመውን ኢማም የንጉሡ ልጅ በጥይት ትገድለዋለች። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት ሀገር ይህ እንዴት እንደተሰማ መገመት አያዳግትም። መንግሥት ግን ፊልሙን ሲያግድ የሰጠው ምክንያት ሃይማኖት አልነበረም፤ የሆሄያት ስሕተት ነበር። ሴምቤን የፊልሙን ስም በላቲን ፊደል በሁለት «ድ» ጻፈው፤ ፕሬዚዳንት ሴንጎር፣ ገጣሚውና የሰዋስው ሊቁ፣ በሕጋዊው የወሎፍ አጻጻፍ መሠረት አንድ «ድ» ይበቃል አሉ። አንዷን «ድ» አውጣ ተባለ፤ አላወጣም አለ። ፊልሙ ሴኔጋል ውስጥ ለዓመታት ሳይታይ ቀረ።

ይህን ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ ስጽፍ የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። በእኛ ፊደል ጠብቆ የሚነበበውና ላልቶ የሚነበበው «ድ» አንድ ነው። «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ጊዜ አንባቢው ራሱ ይወቀው ብለን እንተወዋለን። እኔ ከላይ «ቼዶ» ብዬ ስጽፍ ያን ሁሉ ዓመት ያጣላውን ነገር አላሳየሁም፤ ማሳየትም አልችልም። ነገሩን ለጋሼ ሳስረዳቸው ጥቂት አሰቡና፣ «በእኛ ቢሆን በሃሌታው ሀ እና በሐመሩ ሐ ያግዱት ነበር» አሉ። አስጎብኚያችን ተተርጉሞለት ሲስቅ አጎትየው ግን አልሳቁም። «ሴምቤን ያን ፊደል ቢያወጣ ቀጥሎ ሌላ ያስወጡት ነበር» አሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሴምቤንና ጓደኞቹ በወሎፍ ያሳትሙት የነበረውን «ካዱ» የተባለ ጋዜጣ አባታቸው እያነበቡ ለጎረቤት ያሰሙ እንደነበር አጫወቱን። ካዱ ማለት ቃል፣ ንግግር ማለት ነው። እኔም ስሙን ለጋሼ ስነግራቸው በአማርኛ «የካዱ» የሚለውን እንዳያስቡ ማስረዳት ነበረብኝ።

ሰኔ 2

ዛሬ ቀኑ ነው። በጠዋት ወደ ዮፍ ሄድን። ዮፍ በዳካር ሰሜን፣ ውቅያኖሱ ዳር ያለ የሌቡ ዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር፤ አሁን ከተማው ውጦታል። ቀለማቸው የደመቀ ረጃጅም ጀልባዎች አሸዋው ላይ ተደርድረዋል፤ ላዬን የተባለው የሙስሊሞች ወንድማማችነት መሥራች ያረፉበት መስጊድ ነጭ ሆኖ ከባሕሩ ጋር ፊት ለፊት ተፋጧል። ሴምቤን የኖረውና ያረፈው በዚህ ሰፈር ነው። ቤቱን ስም አውጥቶለት ነበር፤ «ጋሌ ቼዶ» ይባላል፣ የቼዶ ቤት። የታገደውን ስም በግድግዳው ላይ ጻፈው ማለት ነው፤ መቼም እልኸኛ ነበር። ወረቀቶቹና ደብዳቤዎቹ ዛሬ የሚገኙት ግን እዚህ ሳይሆን አሜሪካ፣ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። በጥሩ ሁኔታ ተጠብቀዋል፤ ተመራማሪም ያያቸዋል። ቢሆንም ወጣቷ ይህን ስትሰማ ፊቷን አጨማደደች። የመቅደላን መጻሕፍት ለማየት ለንደን የሚኬድበት ሀገር ልጅ ናትና አልፈረድሁባትም፤ የሴምቤን ወረቀት ተዘርፎ ሳይሆን ተሸጦ መሄዱን ግን ነገርኋት።

የመቃብር ስፍራው በር ላይ ስንደርስ የቀብር ሥነ ሥርዓት ገጠመን። ነጭ የለበሱ ወንዶች ሬሳ ተሸክመው በፍጥነት ገቡ፤ ሴቶቹ አልተከተሉም። በር ላይ የቆሙት አዛውንት በትሕትና ሰላምታ ሰጥተውን፣ ቀብሩ እስኪያልቅ እንድንጠብቅ፣ ወንዶቹ ከፈለግን ግን ከኋላ ተከትለን መግባት እንደምንችል ነገሩን። ጋሼ ወጣቷን አዩና «አይ፣ አብረን ነው የመጣነው» አሉ። ከአጥሩ ውጭ ጥላ ፈልገን ቆምን። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለተኛ ሬሳ መጣ።

እዚያ ቆመን የተነጋገርነው ስለ መጨረሻ ፊልሙ ነበር። «ሞላዴ» በ2004 ሲወጣ ሴምቤን ዕድሜው 81 ነበር። በቡርኪና ፋሶ በምትገኝ ጄሪሶ በምትባል መንደር ነው የተቀረጸው። ኮሌ የተባለች ሴት ከግርዛት ሸሽተው እግሯ ሥር የወደቁ አራት ልጃገረዶችን ተቀብላ ደጃፏ ላይ ባለቀለም ገመድ ትዘረጋለች። ገመዱ ከመሬት ከፍ ያለ እንኳ አይደለም፤ ሕፃን ይሻገረዋል። ነገር ግን ሞላዴ፣ ማለትም ጥገኝነት፣ ታውጇልና ማንም ደፍሮ አያልፈውም። የቤተ ክርስቲያን ደወል መትቶ የተማጠነን ሰው አሳልፎ መስጠት ነውር በነበረበት ባህል ያደጉት ጋሼ ይህን ፊልም ከሁሉ አስበልጠው ይወዳሉ። ወጣቷ ግን የመቃብሩን በር እያየች፣ «ይህን ያህል ፊልም ለሴቶች ሠርቶ፣ ሲቀበር አንዲትም ሴት አልነበረችም ማለት ነው?» አለች። የመለሰላት የለም። ኢማሙን በፊልሙ ያስገደለው ሰው የቁርዓን ጥቅስ በተጻፈበት ከፈን ተጠቅልሎ መቀበሩን ግን አስጎብኚያችን ነገረን፤ ሁለቱንም ነገር ያለ ምንም ግርምት ነው የተናገረው።

በመጨረሻ ሳንገባ ተመለስን። ጋሼ «ወረቀታችን አልተሟላም» አሉ፤ የባለጋሪውን ተሳፋሪ ማስታወሳቸው ነበር። ባሕሩ ዳር ወርደን ከአዲስ አበባ የያዝነውን ቆሎ አሸዋው ላይ ዘርግተን በላን፤ አጠገባችን መረብ ለሚጠግኑት ልጆችም አካፈልን።

ማታ ፊልሙን ያሳየነው በአጎትየው ግቢ፣ በነጭ አንሶላ ላይ ነው። የጎረቤት ልጆች፣ እናቶቻቸውና በር ላይ ለውዝ የሚሸጡት ሴትዮ ተሰብስበው ሠላሳ ሰው ያህል ሆንን። ጋሼ ፕሮጀክተሩን በሦስት ጡብ ላይ አደላድለው፣ የምስሉን ማዕዘን ደጋግመው ካስተካከሉ በኋላ «ቦሮም ሳሬት» ተጀመረ። የመጀመሪያ ሥራው ነውና ድምፁ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሴምቤን በወሎፍ ወደ መሥራቱ የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። የተሰበሰበው ሰው ግማሹ ፈረንሳይኛ አይሰማም። አጎትየው ሳይጠየቁ ከአንሶላው ጎን ቆመው በወሎፍ ይተረጉሙ ጀመር፤ እየተረጎሙም የራሳቸውን ይጨምሩበታል፤ አዝማሪው ገንዘቡን ሲወስድ ስድብ ቢጤ ጣል አደረጉ መሰለኝ፣ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። በልጅነታችን በየቪዲዮ ቤቱ ማይክ ይዞ የሕንድ ፊልም ይተርክልን የነበረው ሰው ትዝ አለኝ።

ፖሊሱ ሜዳሊያውን ሲረግጥ መብራት ሄደ። ልጆቹ የጮኹት ጩኸት ከእኛ ሀገር ልጆች ጩኸት በምንም አይለይም። ጋሼ በጨለማ ውስጥ ወደ ዕቃቸው ሲሮጡ፣ የለውዝ ሻጯ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ምን እንደሆነ ትጠይቃለች። ከሰፈሩ ሰው ፊልሙን ከዚህ በፊት ያዩት አጎትየው ብቻ ነበሩ። ተቀምጠው በወሎፍ ይነግሩ ጀመር፤ አስጎብኚያችን በጆሮዬ በእንግሊዝኛ፣ እኔም ለጋሼ በአማርኛ። ጋሪውን ወሰዱበት። ፈረሱን እየጎተተ ሄደ። ሚስቱ ልጁን አሳቅፋው፣ ዛሬ ማታ እንበላለን ብላ ወጣች። እዚህ ላይ አጎትየው ዝም አሉ። «የት ሄደች?» አሉ ሴትዮዋ። «አይናገርም» አሉ። ሴትዮዋ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ አስጎብኚያችን ግን አልተረጎመልኝም፤ ብጠይቀውም ዝም አለ።

መብራቱ ሲመጣ ልጆቹ ከመጀመሪያው ይታይልን አሉ። ሦስት ጊዜ አሳየን።

ሰኔ 3

አውሮፕላኑ ከሰዓት ነበር። ጋሼ ጠዋት ተነሥተው ፕሮጀክተሩን ለአጎትየው ሰጡ፤ አምፖሉ ከጋለ ማራገቢያ እንዲያቆሙበት፣ ሳይበርድ ገመዱን እንዳይነቅሉት በእጅ ምልክት አሳዩአቸው። ባዶውን ሣጥን ለማስታወሻ ይዘው ሊመለሱ ሲሉ የለውዝ ሻጯ ከእጃቸው ተቀብለው፣ እስከ አፉ ለውዝ ሞልተው መለሱላቸው። ዋጋውን ሊከፍሉ ቢሉ አሻፈረኝ አሉ።

ቦሌ ስንደርስ ፈታሿ በማሽኑ ላይ ያየችው አልገባት ኖሮ ሣጥኑን አስከፈተች። ክዳኑ ላይ ያለውን የፕሮጀክተር ሥዕል አየች፤ ውስጡን አየች፤ ጋሼን አየች። «ፕሮጀክተሩስ፣ አባቴ?» አለቻቸው። ጋሼ ከለውዙ አንድ እፍኝ ዘግነው ዘረጉላት።